ዐሥረኛው መዝሙር

ቦርደዴ፣ ጥር 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ እሴት፣

በጌታ ስም ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የኳየሩን ልብስ ሲሰፉ የስፌት መኪናውን ፔዳል በግራ እግርዎ ብቻ ይረግጡ ነበር፤ አሁንስ የሚያግዝዎ ሰው አገኙ? እኛ ደህና ነን። ኦብሳ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው፤ ይሮጣል እንጂ አይራመድም። ሐዊ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ከጀርባዬ አውርጄ አልጋ ላይ ሳስተኛት እሳት ላይ ያስቀመጥኳት ይመስል ትጮኻለች። ዳባም ደህና ነው። የግብርና ሥራው ሰኞ ወደ ገጠር ይወስደውና ሐሙስ ወይም ዓርብ ይመልሰዋል።

ለጠየቁኝ ነገር መልስ ሳልሰጥ ሁለት ደብዳቤዎን ስላሳለፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዘገየሁት ሰንፌ ሳይሆን መልሱን ስለማውቀው ነው። ዐሥረኛው መዝሙር አልደረሰም፤ አይደርስምም። የኳየራችን የመጀመሪያ ካሴት በክረምት መግቢያ አዲስ አበባ ይቀረጻል፣ ዘጠኙ መዝሙር ተጠንቷል፣ የቀረው ያንቺ ብቻ ነው ብለው ጽፈውልኛል። ያንን አንብቤ ደብተሬን አውጥቼ አየሁት። ከሠርጌ ወዲህ የጻፍኩት ስድስት መስመር ነው። አራቱን ሰርዣቸዋለሁ፤ የቀሩት ሁለቱ የሌላ ሰው ይመስሉኛል። ጭሮ እያለሁ መዝሙር የምትደርሰው ልጅ እባል ነበር። እዚህ የኦብሳ እናት ነኝ። ስሙ አያስከፋኝም፤ የሚያስከፋኝ ያችኛዋ ልጅ የት እንደገባች አለማወቄ ነው።

ስለዚህ ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጂብሪል ሚኒባስ ልኬዋለሁ። ለስምዖን ይስጡልኝ። እሱ አስተማሪ ነው፣ ልጅ የለውም፣ ከሰዓት በኋላው የራሱ ነው፣ ሲጽፍም ፈጣን ነው። የሚጠቅመው ነገር ካገኘበት ይውሰደው፤ ዐሥረኛውንም እሱ ይጻፈው። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ደህና ነን። ይብቃኝ።

የሁልጊዜ ልጅዎ
ፀደይ


ጭሮ፣ ጥር 23 ቀን 1994 ዓ.ም.

ፀደይዬ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ደብተሩ ደርሷል። ጂብሪል ሚኒባሱን በሬ ላይ አቁሞ፣ ተሳፋሪው በመስኮት እየተንጫጫበት፣ ወርዶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አደራ ብላኛለች» አለ። እኔም ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ስለ ደብተሩ ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

ለምን ብለው አይጠይቁኝ ብለሻል። እኔ ደግሞ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ እጠይቃለሁ። አራት መስመር ስለሰረዘች ደብተሯን የምትሰጥ ልጅ እኔ አላሳደግኩም። በዐሥራ ስድስት ዓመትሽ ኳየር ስትገቢ አንዷን መዝሙር ሰባት ጊዜ አፍርሰሽ ስትሠሪ አይቼሻለሁ። ያን ጊዜ ማፍረሱ ያስቅሽ ነበር። ሌላ ነገር አለ። ዳባ ተቆጣሽ? አሞሻል? በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ደህና መሆናችሁን ጽፈሻል፤ ደህና ለሆነ ሰው አንዴ ይበቃዋል።

የኳየሩን ወሬ ከፈለግሽ፣ አጥናፉ ዛሬም ከሁሉ ቀድሞ ይጀምራል። በየልምምዱ እቆጣዋለሁ፣ በየልምምዱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በየልምምዱ ይቀድማል። ሌላው ሕጌን ይዟል። ታስታውሺዋለሽ፤ ከካሴቱ ላይ ትንፋሽ አትጨምሩ፣ ትንፋሽ አትቀንሱ። ኖታ የሚያነብ የለንም፤ ያለን ጆሮ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ካልጠበቁት የወደደውን ይሰማል።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዐሥረኛው የት ደረሰ ይሉኛል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጠብቁ ብያቸዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ቦታው ለስምዖን ይሰጣል፤ ካንቺ ወዲህ የኳየሩ ደራሲ እሱ ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ማንም አይነካውም። አሁን ጻፊልኝ፤ መዝሙሩን ሳይሆን የሆነውን።

እሴት


ቦርደዴ፣ የካቲት 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ እሴት፣

እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄዎን በቀሚሴ ኪስ ይዤ ከሁለት ሳምንት በላይ ዞርኩ። ሁለት ጊዜ ከልብሱ ጋር ላጥበው ነበር።

እነግርዎታለሁ፤ አንብበው ሲጨርሱ ግን እንደ ቀድሞው ልጄ ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም።

የገና ሰሞን ነው፣ ረፋድ ላይ። ሐዊ ተኝታ ነበር። ኦብሳ በሩ ላይ በጣሳ ክዳን ይጫወታል። ቤታችን ከዋናው መንገድ ዐሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም፤ የድሬዳዋ ተሳቢዎች ሲያልፉ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል። ድንገት ሁለት መስመር መጣልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ከደብተሩ ላይ ያልሰረዝኳቸው እነሱ ናቸው፦

ሁሉም በደጄ ያልፋል፣ አቧራ ትቶልኝ፤
ጌታ ሆይ፣ አንተ ግን ቆመህ ጠብቀኝ።

የመጨረሻዋን ቃል እየፈለግኩ ነበር። ‹ጠብቀኝ› የምትለውን አገኘሁና ጻፍኳት፤ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ የለም።

ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሞሚና ከመንገዱ መሃል በሸሚዙ አንገት አንጠልጥላ አወጣችው። የስልጤ ነጋዴ ናት፤ ስኳር እየመዘነች ነበር፣ ሚዛኑን በትና ነው የሮጠችው። ተሳቢው ሦስት ሱቅ አልፎ ነው የቆመው። ኦብሳ ምንም አልሆነም። የጣሳው ክዳን ግን ወረቀት ሆኗል። ሞሚና ልጁን እጄ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ በዪ» አለችኝ። በሌላው እጄ እርሳሱን አልለቀቅኩትም ነበር፣ እሷም አይታዋለች።

ለዳባ አልነገርኩትም። ሞሚናም አልነገረችውም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ተሳቢ ሲመጣ ከሩቅ እሰማለሁ፤ እስኪያልፍ ልጁን እይዛለሁ፣ እሱም ይቆጣኛል። አንድ መስመር ሽው ሲልብኝ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። የልጄን ነፍስ በሁለት መስመር ልለውጣት ነበር፣ እትዬ እሴት። መስመሮቹ ደግሞ ያን ያህል ጥሩ አይደሉም።

ፀደይ


ጭሮ፣ የካቲት 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ፣

አሁንም ልጄ ነሽ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወደ ታች እየሮጥሽ እንዳትፈልጊው ብዬ ነው።

በጉልበቴ አልንበረከክም እንጂ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስለ ኦብሳ አመሰገንኩ። ስለ ሞሚናም። አሁን ደግሞ ስሚኝ። የእኔዋ ሰርክአዲስ በሦስት ዓመቷ የጎረቤት የኖራ ጉድጓድ ገብታብኝ ነበር፤ አጥናፉ ነው ያወጣት፣ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር። እኔ ምን እየሠራሁ ነበር መሰለሽ? ጎመን እየከተፍኩ። ከዚያ በኋላ ጎመን መክተፍ አልተውኩም፤ ተዪ ያለኝም የለም። አንቺ ጎመን እየከተፍሽ ቢሆን ኖሮ በሩን ትዘጊ ነበር እንጂ ቢላዋሽን ለስምዖን አትልኪም ነበር። ለዳባ ንገሪው። ልጁ የሁለታችሁ ነው፣ በሩም የሁለታችሁ ነው።

ሌላም አለ። ለባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያልነገርኩትን ነው የምነግርሽ። እኔም እደርስ ነበር። ኳየሩ ‹የድሮ› እያለ ከሚዘምራቸው ውስጥ ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ማንም አያውቅም፣ እኔም አላልኩም። ልጆቹ መጡ፤ አራት፣ በተከታታይ። ‹ይደጉና እመለስበታለሁ› አልኩ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ማንም ያየው ሰው ብልህ ሴት ይለኝ ነበር። የመጨረሻዋ ሰርክአዲስ ተድራ ሂርና በገባች በሳምንቱ ጠረጴዛውን ጠረግኩ፣ እርሳስ ቀረጽኩ፣ ተቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሃያ ዓመት የለመንኩት ጸጥታ ነው። ፀደይዬ፣ ምንም አልነበረም። በማግሥቱም ተቀመጥኩ። ወር ሙሉ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለጠረጴዛው ልብስ አለበስኩትና የስፌት መኪናዬን አወጣሁበት። ይጠብቀኛል ያልኩት ነገር አልጠበቀኝም።

ስለዚህ ልጆቹ እስኪያድጉ አትበዪኝ። እጅሽ ቢያዝ አፍሽ አልተያዘም። ወረቀቱን ተዪው፤ ልጆቹን ያዥና በቆምሽበት ዘምሪው፣ ስታጥቢም ስታዝዪም። የሆነውን ያህል ይሁን፣ ካሴት ላይ አድርጊና ላኪልኝ። ሰርክአዲስ በግንቦት ትወልዳለች፣ ላርሳት ሂርና እሄዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

እሴት


ቦርደዴ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ እሴት፣

ሰርክአዲስ እንዴት ናት? ከብዷት ይሆናል። ለእርስዎም ለእሷም እጸልያለሁ።

ለዳባ ነገርኩት። እኔ ሊቆጣ ነው ብዬ ወገቤን አጥብቄ ስጠብቅ ተነሥቶ ወጣ፣ የግራር እንጨት ተሸክሞ ተመለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠርብ ቆይቶ መዝጊያ ያለው፣ እስከ ደረቴ የሚደርስ አጥር በደጁ ላይ አቆመ። ከዚያ «አሁን ጻፊ» አለኝ። ኦብሳ አጥሩን ይዞ እንደ እስረኛ ይጮኻል፣ እኔ ግን ተሳቢ መቁጠር ትቻለሁ። እንደ ሞሚና አባባል ጥርሴም ታይቷል።

ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ላዩ ላይ ‹ዐሥረኛው› ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ከሌላ ካሴት ጋር እንዳይደባለቅብዎ ነው እንጂ ድፍረቱ ኖሮኝ አይደለም። በሞሚና ቴፕ ነው የቀዳሁት፣ ከሱቋ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት። የወንድሟን አሮጌ ካሴት ሰጠችኝ፤ ሌላ እንዳይቀዳበት ጠርዙ ላይ የተሰበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች በስኳር ወረቀት ጠቅጥቀን ነው የቀዳልን። የቴፑ ማቆሚያ ተሰብሯል፤ አንዴ ከተነሣ በቢላዋ ነው የሚቆመው። «አትንኪው፣ ይሂድ፤ እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ፣ አንቺ ጌታሽን ጥሪ» አለችኝ።

ልጆቹ አብረውኝ ነበሩ። በመሃል እነሱን ሳይ፣ ጩኸታቸው እንዳይገባ ቴፑን በነጠላዬ እሸፍነው ነበር። ስለዚህ መሃል መሃሉ ላይ ባዶ ያገኛሉ፤ ይለፉት። ሦስተኛው ቤት ላይ ሐዊ ደረቴ ላይ ተኝታ ስለነበር በሹክሹክታ ነው የዘመርኩት፤ እንዳያመልጥዎ ቃሉን እዚህ ጽፌዋለሁ፦

እጄ ሙሉ ነው ዛሬ፣ ላጨበጭብ አልችልም፤
በልቤ ላይ ያለውን ሳትሰማው አይቀርም።

እባክዎ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይሰማው። የሚያሳፍር ቅጂ ነው። እርስዎ ቃሉንና ዜማውን ለቅመው፣ ባዶውን ጥለው፣ በራስዎ ድምፅ ያስጠኗቸው። የማይረባም ከሆነ ይንገሩኝና እዚያው ይቅር። ካሴቱን ከምሰጥበት ቀን ጀምሮ ጂብሪልን መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ፀደይ


ጭሮ፣ ግንቦት 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ፀደይዬ፣

አንድ ወር ሙሉ መልስ በማጣትሽ ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። አይደለም። እዚህ አልነበርኩም። ሰርክአዲስ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛትና ሚያዝያ 11 ቀን ሰው መጥቶ ሂርና ወሰደኝ። ወንድ ነው፣ ቢቂላ ብለውታል፤ ሲወለድ ጡጫ ስለሚያህል ፈርቼ ነበር፣ አሁን ጉንጭ አውጥቷል። የተመለስኩት ባለፈው እሑድ ነው። ደብዳቤሽ እንደታሸገ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት።

ካሴቱን ግን አላገኘሁትም።

ተቀምጠሽ አንብቢው። ጂብሪል ሲያጣኝ ዕቃውን ለስምዖን ሰጠው፣ ኳየሩን ለእሱ ትቼለት ነበርና። ስምዖን ጨዋ ልጅ ነው፣ ደብዳቤውን አልነካም። ጨርቁን ሲፈታ ግን ካሴቱ ላይ ‹ዐሥረኛው› የሚል አየ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ቦታውን ሊወስድበት ይችል ነበር፤ እሱ ግን እልል ብሎ ሰውን ጠራና አስጠና። እንዴት እንዳስጠና መቼም ታውቂዋለሽ። እኔ እንዳስተማርኩት። ትንፋሽ ሳይጨምር፣ ትንፋሽ ሳይቀንስ።

ባዶውንም አጥንተውታል፣ ልጄ።

የዚያኑ ዕለት እንደገባሁ ቀጥታ ወደ ጸሎት ቤት ሄድኩ። ሠላሳ አንዱም የኳየሩ ልጆች ቆመዋል። የመጀመሪያውን ቤት ዘመሩ። ‹ቆመህ ጠብቀኝ› አሉና ቆሙ። ረሱት አልኩ በልቤ። ስምዖን ዐይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሏል። ከመጀመሪያው ቤት በኋላ ሃያ ሁለት ሰከንድ፣ ከሁለተኛው በኋላ ዐሥራ አራት፤ ለክቶታል። አጥናፉ እንኳ አልቀደመም። ዐሥር ዓመት ስቆጣው ያልጠበቀ ሰው ሃያ ሁለት ሰከንድ ቆመ። ሦስተኛውን ቤት ሹክሹክ እያሉ፣ ሳያጨበጭቡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው ዘመሩት። ልጇን ባለፈው ዓመት የቀበረችው ከበደች ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

የእኔ ሕግ ነው ያጠፋው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የምታዢኝን ጻፊልኝ።

እሴት


ቦርደዴ፣ ግንቦት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

እትዬ እሴት፣

እንኳን ለልጅ ልጅ አበቃዎ። ለሰርክአዲስ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምትላት የሞሚና ጎረቤት ናት፤ እኔ እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ እላታለሁ።

ሃያ ሁለቱ ሰከንድ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ኦብሳ የሞሚና የስኳር ጆንያ ላይ ሸና። ጆንያውን ስጎትት፣ እሱን ሳራቁት፣ በነጠላው ሌላ ጫፍ ስጠርግ ነው። ዐሥራ አራቱ ሐዊ ጡቴን ነክሳኝ፣ ድምፅ ላለማውጣት ከንፈሬን ይዤ፣ ወደ ሌላኛው ሳዞራት ነው። ሰው የሚያለቅስበት ነገር ይኸው ነው። ችሎታ አይደለም። ያልሆነልኝ ነው። የቤቴን ጉድ በሠላሳ አንድ ሰው አፍ አድርገው ምእመን ፊት አቆሙት።

ሌላ ደራሲ ቢሆን ባዶውን ይሞላው ነበር። እኔ መሙላት ስላልቻልኩ ነው ባዶ የሆነው። ካሴቱ በየከተማው ይሰማል፤ ሚኤሶም፣ ሂርናም፣ አዲስ አበባም። ሰው ሁሉ ‹እንዴት ያለ ጥበብ ነው› ሲል እኔ የማውቀው ሽንት ነው። እንዲህ ባለ ውሸት ደራሲ ከምባል ባልባል እመርጣለሁ።

ይቁረጡት። ካልተቆረጠ ስሜን ያውጡልኝ።

ፀደይ


ጭሮ፣ ሰኔ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ፀደይ፣

ደብዳቤሽን ለስምዖን አነበብኩለት። ጆንያው ላይ ስደርስ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፈረ፤ ቀጥሎ «መቁረጥ መብቷ ነው» አለ። ልክ ነው። መዝሙሩ ያንቺ ነው፣ ባዶውም ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አንቺ አልሰማሽውም። የቀዳሽ እንጂ የሰማሽ ሴት አይደለሽም። አውቶቡሱ ሰኔ 29 ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ በቦርደዴ ያልፋል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ በሞሚና ሱቅ ፊት ይቆማል። ወርደው ይዘምሩልሻል። ሰምተሽ ‹ቁረጡ› ካልሽ እዚያው ይቆረጣል፤ ስምዖን ያለ ባዶውም አስጠንቷቸዋል፣ ሁለቱንም ያውቁታል። ስምሽንም አውጡ ካልሽ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልናገርሽም።

እኔ አልመጣም። ሰርክአዲስ ሥራዋን ስለምትጀምር ቢቂላን ልይዝ ወደ ሂርና እመለሳለሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሕፃን ታቅፌ መዋሌ ነው፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፣ ድግሱን እስካሁን አላየሁትም። በስምዖን እጅ አንድ ዕቃ ልኬልሻለሁ።

እሴት


ቦርደዴ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ እሴት፣

ይህ ደብዳቤ ሂርና ይድረስዎ። ቢቂላ ጉልበትዎን አደከመው? በግራዎ ይያዙት፣ በቀኙ ጎን አይሁን። በግንቦቱ ደብዳቤ የጻፍኩትን ይቅር ይበሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩት ግን በራሴ ነበር።

አውቶቡሱ አራት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሠላሳ አንዱም እርስዎ የሰፉትን ሰማያዊ ልብስ በላብ አጥምቀው ወረዱ። ሞሚና ሱቋን ትታ ወንበር አወጣችና ራሷ ቀድማ ተቀመጠች፤ «ከዕቃ ቤቴ የወጣ ነው፣ እሰማዋለሁ» አለች። እኔ ሐዊን አዝዬ፣ ኦብሳን ታቅፌ ቆምኩ። ‹ቁረጡት› የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ጀመሩ። ‹ቆመህ ጠብቀኝ› አሉና ዝም አሉ።

ያንን ዝምታ ከውስጡ ነው የማውቀው። ከውስጡ ዝምታ አልነበረም፤ ጆንያ ነበር፣ ሽንት ነበር። ከውጭ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ተሳቢ አለፈ፣ አቧራው ልብሳቸው ላይ ወረደ፤ ማንም አላራገፈም። አጥናፉ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። ሁሉም ወደፊት ያያሉ፣ እንደሚጠብቅ ሰው። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔን ነው የሚጠብቁት፣ እትዬ እሴት። ልጄን ጠርጌ እስክመለስ ድረስ ሠላሳ አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ለብቻዬ ስሮጥ ነበር የመሰለኝ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ኦብሳ ዝምታው ረዘመበትና «እማ፣ አለቀ?» አለ፣ እሱ እንደሚናገረው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ።

«አላለቀም» አልኩት። እኔም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ቤት ጀመሩ።

ሲጨርሱ ስምዖን መጣና «እንቁረጠው?» አለኝ። «አንድ ሰከንድ ብትነካ የእትዬ እሴትን ሕግ አፈረስክ» አልኩት። ሳቀ። ስሜንም እንዲጽፍበት ነገርኩት፣ የእኔንም የአባቴንም፣ በትልቁ።

ከዚያ ዕቃውን ሰጠኝ። በሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ደብተሬ ነው። ለስምዖን ይስጡልኝ ብዬ የላክሁት፣ እርስዎ ከ‹ደርሷል› በቀር ስድስት ወር ሙሉ ምንም ያላሉኝ። ስምዖን አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም።

አውቶቡሱ ሄደ፤ እኔ ደጃፌ ላይ፣ ከዳባ አጥር ውስጥ ተቀምጬ ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ጽሕፈት የእኔ አይደለም። የኳየሩን ልብስ ልክ የሚጽፉበት ጽሕፈት ነው፣ ዐውቀዋለሁ። ከላይ ‹ሂርና፣ ሚያዝያ› ይላል። ይዘውት ሄደው ኖሯል።

ሰፊ ነበርኩ ለሰው፣ የራሴን ሳልሰፋ፤
ክሩ አለ በመርፌው፣ ጨርቁ ነው የጠፋ።
ዛሬ በጉልበቴ ላይ የተኛው ሕፃን

ከዚህ በኋላ የለም። ‹ሕፃን› ከሚለው ላይ እርሳሱ ወደ ታች ተንሸራቷል። ቢቂላ ነቅቶብዎት ነው። ቀና ብለው አነሡት፣ ሄዱ፣ ሳይመለሱበት ቀሩ። ያ መስመር ከሚያዝያ ጀምሮ እዚያው ቆሞ አለ።

ገጹን ቀድጄ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። የቀረው ደብተር የእኔ ነው፣ ለማንም አልሰጥም። እስከ መቼ ብዬ ቀን አልቆርጥብዎትም፤ እኔ የሽማግሌ ኮሚቴ አይደለሁም። ሕፃኑን ያጥቡት፣ ያብሉት፣ ያስተኙትና ይመለሱ። ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ልጅዎ
ፀደይ